ራስ ደስታ ዳምጠውና የመልእክተኛነት ትምህርት

ከባዕድ መንግሥት ጋራ ወዳጅነት መመሥረት መልካም ነው። ነገር ግን የወዳጁን ሕግ፥ የሕዝቡን አሳብና የንግዱን ጥቅም ሳይመረምር በመልካም አቀባበል ብቻ የሚታመን አገር በችግሩ ቀን ያዝናል። ይህንንም የራስ ደስታ ዳምጠው ታሪክ በግልጽ ያስረዳል።

ራስ ደስታ የፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ ልጅ ናቸው። አባታቸው በ1887 ዓ.ም. ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ተልከው ወደ መስኮብ ንጉሥ ዘንድ ሄደው ነበር፤ በሚከተለውም ዓመት በዓድዋ ጦርነት ወደቁ። ስለዚህ መልእክተኛነትና አርበኝነት ለልጁ የቤት ውርስ ነበሩ።

ራስ ደስታም የንጉሠ ነገሥቱን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ተናኘ ወርቅን አግብተው የሲዳሞ ገዥ ሆኑ። ዲላና የዛሬው የጌዴኦ ዞን በግዛታቸው ውስጥ ነበሩ። ግዛቱ ከእንግሊዝ ኬንያና ከኢጣልያ ሶማሊያ የሚጎራበት ስለ ሆነ፥ የውጭ አገር ጉዳይ ለዚህ ገዥ ሩቅ ወሬ ሳይሆን የደጅ ሥራ ነበር።

በሐምሌ 1925 ዓ.ም. ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ምክንያቱም ያሜሪካ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል መልእክተኛውን ስለ ላከ፥ ምስጋና ለማድረስና ወዳጅነቱን ለማጽናት ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም በክብር ተቀበሏቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠ። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. አሜሪካ ለሚዋጉ መንግሥታት የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉ ሁለቱን ወገን በእኩል የሚመለከት ቢመስልም፥ ኢጣልያ የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ ስላላት ጉዳቱ በኢትዮጵያ ላይ ከበደ። ነዳጅ ዘይትም በክልከላው ስላልተጨመረ የጠላት መኪናና አውሮፕላን አልቆመም። ይህም የሆነው ኢትዮጵያን ከመጥላት አይደለም፤ ያሜሪካ ሕዝብ የፊተኛውን ታላቅ ጦርነት አስቦ ወደ ሌላ ጦርነት መግባትን ስለ ፈራ ነው።

በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ሠራዊት በገናሌ በኩል በራስ ደስታ ጦር ላይ ተነሣ። እርሳቸው ግን ጦራቸው ቢሸነፍም አገራቸውን ትተው አልተሰደዱም፤ በሲዳሞ ተራሮች ሲከላከሉ ቆይተው በመጨረሻ በጉራጌ አገር ተያዙ፤ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደሉ።

ቢሆንም የመልእክታቸው ድካም በከንቱ አልቀረም። አሜሪካ ኢጣልያ ኢትዮጵያን መያዟን በሕግ ሳታጸድቅ ቀረች። በየካቲት 1937 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ሩዝቬልት በግብፅ ውሀ ላይ በመርከብ ተገናኝተው ተነጋገሩ።

ይህ ትምህርት ለዛሬም ይሠራል። በ2015 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት በቅርብ ዓመታት ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የተገኘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። በብራስልስ የተጻፈው ቃል የጌዴኦን ገበሬ ጓሮና የዲላን ነጋዴ ሚዛን ይነካል። ገበሬው ቡናውን ከጥንት ጀምሮ በዛፍ ጥላ ሥር ሲያለማ ኖሯል፤ ነገር ግን ይህን በማስረጃ ካላሳየ እውነቱ ብቻ ገበያ አይከፍትለትም።

እንግዲህ የውጭ አገር ጉዳይ የሚኒስትሮች ብቻ ሥራ አይደለም። የዲላም ተማሪ የባዕዱን ቋንቋ፥ ሕግና ንግድ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል፤ መልእክተኛ የሚልክ አገር ከመልእክተኛው በፊት እውቀትን መላክ አለበትና።