ክረምትን በቁጥር የፈለጉት ሰር ጊልበርት ዎከር

በየዓመቱ ግንቦት ላይ የክረምቱ ትንበያ ይፋ ሲሆን በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል። ዘንድሮ ኤልኒኖ ነው ወይስ ላኒና? እነዚህን ሁለት ቃላት ዛሬ የልማት ሠራተኛውም አርሶ አደሩም ለምዷቸዋል። በሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ የሚከሰተው ነገር የእኛን ጤፍና ማሽላ እንዴት እንደሚነካ ቀድመው በቁጥር መመርመር ከጀመሩት ሰዎች መካከል ዋነኛው እንግሊዛዊው ሰር ጊልበርት ዎከር ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው በአንድ ጣቢያ የሚመዘገብ የአንድ ዓመት ዝናብ ምን ዋጋ እንዳለው ስለሚያሳይ ለዛሬው አምዳችን መርጠነዋል።

ዎከር የተወለዱት እ.ኤ.አ ጁን 14 ቀን 1868 በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው ሮችዴል ከተማ ነው። አባታቸው መሐንዲስ ነበሩ። ለንደን ውስጥ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤት ሲማሩ ለሒሳብና ለመካኒክ ሥራ ያላቸው ዝንባሌ ጎልቶ ወጣ። ከዚያም ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብተው እ.ኤ.አ በ1889 በሒሳብ ፈተና ከዓመቱ ተፈታኞች ሁሉ አንደኛ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ጤናቸው በመታወኩ ለማገገም ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ፤ በዚያም በበረዶ ላይ መንሸራተትን ተማሩ። ሲወረወር ዞሮ የሚመለሰውን ቡሜራንግ የተባለ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የእንጨት መሣሪያ እያስወነጨፉ አበራረሩን በሒሳብ ያጠኑ ስለነበር ጓደኞቻቸው በዚሁ መሣሪያ ስም ይጠሯቸው ነበር። ዋሽንትም ይወዱ ነበር። የአየር ሁኔታ ትምህርት ግን ፈጽሞ አልተማሩም።

ወደዚህ ሙያ ያመጣቸው የሕንድ ረሃብ ነው። በሕንድ የሞንሱን ዝናብ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ሲሆን፣ የአብዛኛው ገበሬ ኑሮም በእነዚሁ አራት ወራት ላይ የተንጠለጠለ ነው። እ.ኤ.አ ከ1876 እስከ 1878 ድረስ ዝናቡ በመጓደሉ በተከሰተው ረሃብ ሚሊዮኖች አለቁ። አገሪቱን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ በ1875፣ የሕንድን የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊ ሄንሪ ብላንፎርድ በሂማላያ ተራሮች ላይ በረዶው በበዛ ዓመት ዝናቡ እንደሚቀንስ አስተውለው በዚሁ ምልክት ትንበያ መስጠት ጀመሩ። እርሳቸውን የተኩት ጆን ኤልየት ደግሞ ለ1899 ጥሩ ዝናብ ይጠበቃል ብለው ተነበዩ። የመጣው ግን ከባድ ድርቅ ነበር፤ በርካታ ሕዝብም በረሃብ አለቀ።

ዎከር ኃላፊነቱን ከኤልየት የተረከቡት እ.ኤ.አ በ1904 መጀመሪያ ላይ ነው። የሒሳብ ሰው የተፈለገው ያለ ምክንያት አልነበረም። የዝናቡን ነገር በግምት ሳይሆን በስሌት የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበርና። የሕንድ የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያዎች ዋና ኃላፊ ሆነው በተራራማዋ ሲምላ ከተማ ተቀምጠው ለሃያ ዓመታት ሠሩ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። በየጣቢያው ያለው ተመልካች በተወሰነለት ሰዓት ባሮሜትሩን አይቶ የአየር ግፊቱን፣ ቴርሞሜትሩን አይቶ ሙቀቱን፣ የዝናብ መለኪያውን አይቶ የዘነበውን ውኃ ይመዘግባል። መዝገቡ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል። ዎከር በሕንድ ጣቢያዎች ብቻ አልተወሰኑም። ከአውስትራሊያ፣ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከፓስፊክ ደሴቶችና ከአፍሪካ ጭምር መረጃ አሰባሰቡ። ከዚያም በርካታ ሕንዳውያን ጸሐፊዎችን አስቀምጠው የአንዱን ቦታ ቁጥር ከሌላው ጋር በእጅ እያሰሉ ያነጻጽሩ ጀመር። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር አልነበረም።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በአንድ ጣቢያ ያለ ተመልካች ዓመቱን ሙሉ፣ 365 ቀናት፣ በዝናብም በፀሐይም እየወጣ የመዘገበው ሁሉ በዎከር ሠንጠረዥ ላይ ሲደርስ በየወቅቱ አንድ አንድ ቁጥር ብቻ ይሆናል። ያ አንድ ቁጥር ለብቻው ምንም አይናገርም። ሠላሳና አርባ ዓመት ተደርድሮ፣ ከሌላ አገር ሠላሳና አርባ ዓመት ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን መናገር ይጀምራል። በመካከሉ መዝገቡ የተቋረጠበት ዓመት ካለ ያ ዓመት ከሠንጠረዡ ይወጣል። ተመልካቹ በግምት የሞላው ከሆነ ደግሞ የሌሎቹንም ድካም ያበላሻል።

ከዚህ ሁሉ ስሌት የወጣው ውጤት አስገራሚ ነበር። የፓስፊክና የሕንድ ውቅያኖሶች የአየር ግፊት እንደ ሚዛን ሁለት ጎኖች ናቸው፤ በአንዱ ሲጨምር በሌላው ይቀንሳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይገለበጣል። ዎከር ይህን የደቡብ ውዥዋዜ ብለው ሰየሙት። በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ግፊቱ ከፍ ባለባቸው ዓመታት የሕንድ ዝናብ ይጓደል ነበር። በዚያው ዓመት የሚጓደል ሌላም ነገር ነበር፤ የዓባይ ሙላት። ዎከር ግብፅ ውስጥ ይለካ የነበረውን የዓባይን ሙላት ከሕንድ ዝናብ ጋር አንድ ላይ የውዥዋዜው መለኪያ አድርገው ተጠቅመውበታል።

የዓባይ ሙላት ደግሞ ሌላ ነገር አይደለም፤ የእኛው ክረምት ነው። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ 85 በመቶ ያህሉ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ነው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ፣ በሸዋና በወለጋ የዘነበው ዝናብ፣ በአገሩ የሚለካው ሰው ባልነበረበት ዘመን እንኳ፣ ወንዙ ተሸክሞት ሄዶ ከዎከር መዝገብ ገብቷል ማለት ነው።

ዎከር ባገኙት ውጤት አልተኩራሩም። ይልቁንም ራሳቸውን የሚያስጠነቅቅ ሒሳብ ሠሩ። አንድ ሰው የክረምቱን ዝናብ ከመቶ ልዩ ልዩ ምልክቶች ጋር ቢያነጻጽር፣ ከመቶው አንዱ ወይም ሁለቱ በአጋጣሚ ብቻ ሊገጥሙለት ይችላሉ። ስለዚህ ብዙ ፈልጎ ያገኘ ሰው ጥቂት ፈልጎ ካገኘው ይልቅ መጠራጠር አለበት አሉ። በዚያ ዘመን ብዙዎች ያምኑበት የነበረውን የፀሐይ ነጠብጣቦችና የዝናብ ዝምድናም መርምረው ደካማ ሆኖ አገኙት። ከዚህም ሌላ የሕንድ ሞንሱን ከሌሎች ምልክቶች ተከትሎ ከመምጣት ይልቅ ራሱ ቀድሞ እንደሚሄድ ስለተገነዘቡ፣ አስቀድሞ መተንበዩ ከባድ መሆኑን አልደበቁም።

እ.ኤ.አ በ1924 ከሕንድ ሲመለሱ የሰር ማዕረግ ተሰጣቸው። እስከ 1934 ድረስም በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ በፕሮፌሰርነት አስተማሩ። ነገር ግን የተላኩበት ጉዳይ፣ ማለትም ድርቁን በእርግጠኝነት አስቀድሞ መናገር፣ አልተሳካላቸውም ነበር። ብዙ ባለሙያዎችም ሥራቸውን በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። ሁለት እጅግ የተራራቁ ቦታዎች ለምን አብረው እንደሚወዛወዙ ዎከር በቁጥር እንጂ በምክንያት አላስረዱም። ምክንያቱ ከውቅያኖሱ ሙቀት ዘንድ ነበር፤ በእርሳቸው ዘመን ደግሞ የዚያን ሰፊ ባሕር ሙቀት በበቂ ሁኔታ የሚለካ አልነበረም።

ልኬቱ የመጣው በሕይወታቸው ማብቂያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 ድረስ በርካታ አገሮች ተባብረው ምድርን፣ ባሕርንና አየርን የለኩበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ታወጀ። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ጊዜ ጠንካራ ኤልኒኖ ተከሰተ። የባሕሩ ሙቀት ሲጨምር፣ ነፋሱ ሲዳከምና ዝናቡ ቦታ ሲቀይር በአንድ ጊዜ ተመዘገበ። ሰር ጊልበርት ዎከር ግን የዚህን መዝገብ ውጤት አላዩም። እ.ኤ.አ ኖቬምበር 4 ቀን 1958 በ90 ዓመታቸው በእንግሊዝ አገር አረፉ።

በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ኖርዌያዊው ያኮብ ብየርክነስ የዚያን ጊዜ መዝገብ ይዘው ምክንያቱን አስረዱ። የመካከለኛውና የምሥራቁ ፓስፊክ ሲሞቅ፣ ወደ ላይ የሚወጣው እርጥብ አየርና ዝናቡ ወደ ምሥራቅ ይሸሻሉ። በሌላው ወገን አየሩ ወደ ታች ስለሚጫን ደመናው ይሳሳል። ብየርክነስ እ.ኤ.አ በ1969 ይህን የአየር ዑደት በዎከር ስም ሰየሙት። በእጅ የተሰላው ሠንጠረዥ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ለእኛ ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ኤልኒኖ በሚሆንበት ጊዜ በሰሜን፣ በመካከለኛውና በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የክረምቱ ዝናብ የመቀነስ አዝማሚያ አለው፤ ላኒና ሲሆን ደግሞ ክረምቱ የተሻለ የመሆን ዕድል አለው። በ2007 ዓ.ም በልጉና ክረምቱ ተከታትለው በመጓደላቸው፣ በ2008 ዓ.ም 10 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆኖ እንደነበር ይታወሳል። ይሁን እንጂ ኤልኒኖ ሁሉ ድርቅ ነው ማለት አይደለም። ትንበያው ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች እየተባለ በዕድል መጠን የሚነገረውም ለዚህ ነው። ዎከር ያስተማሩት ጥንቃቄ እዚህ ላይ ይሠራል። አርሶ አደሩ ትንበያውን ሰምቶ ቶሎ የሚደርስ ዘር ከረጅም ጊዜ ዘር ጋር አመጣጥኖ ቢይዝና እርጥበት የሚያቆይ ሥራ ቢሠራ፣ ትንበያው ቢሳሳት እንኳ ሙሉ በሙሉ አይጎዳም።

ለወረዳ ኃላፊዎች ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። በአገራችን በርካታ ጣቢያዎች የዝናብ መለኪያው የሚነበበው በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወርዷል ማለት ነው። ዝናብ ያልጣለበት ቀን ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። መለኪያው ያልተነበበበት ቀን ግን ዜሮ አይደለም፤ አልተነበበም ተብሎ መቀመጥ አለበት። ሁለቱን የቀላቀለ መዝገብ ያልነበረ ድርቅ ይፈጥራል፣ የነበረውንም ይደብቃል። በለቅሶ ወይም በበዓል ምክንያት የቀረን ንባብ በማግስቱ በግምት መሙላት ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም የዘር አቅርቦቱም ሆነ የዕርዳታ ጥያቄው በዚያው ቁጥር ላይ ሊመሠረት ይችላል።

የዘንድሮው መዝገብ ለዘንድሮው ገበሬ ብዙም ላይጠቅም ይችላል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የዛሬን ልጆች የሚጠቅመው ግን እርሱ ነው። ሰር ጊልበርት ዎከር የሠሩት እርሳቸው ከመሾማቸው በፊት ስማቸው የማይታወቅ ተመልካቾች በየማለዳው በጻፉት ቁጥር ነበር። እርሳቸውም ያዘጋጁት ሠንጠረዥ ጥቅም ላይ የዋለው ካለፉ በኋላ ነው። በየወረዳው የዝናብ መለኪያ በአደራ የተሰጠው ሰው የያዘው ሥራ ይኸው ነው፤ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይም ይጠብቀዋል።