ባቄላና እርሳስ፤ የጆርጅ ደ ሄቨሲ ታሪክ

እኛ የሲሚንቶ ከተማ ልጆች ስለ ፋብሪካ አመድ ስንነጋገር አንድ ጥያቄ ተነሣብን። በውጭ አገር የድንጋይ ከሰል አመድ ከሲሚንቶ ጋር ይቀላቀላል፤ አሲዳማ አፈርን ለማለዘብም በእርሻ ላይ ይበተናል። ነገር ግን ከሰሉ ሲነድ በውስጡ ያለው ጥቂት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ራዲየም አብዛኛው በአመዱ ውስጥ ስለሚቀር፣ የአመዱ ጨረር ከከሰሉ ይበረታል። ታዲያ ይህ ነገር ወደ እህሉ ይገባልን? ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መንገድ የከፈተው ሰው ታሪክ እነሆ።

ጆርጅ ደ ሄቨሲ በ1885 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደ። በ1911 ማንቸስተር ሄዶ በታላቁ ራዘርፎርድ ሥር ሲሠራ፣ ራዲየም ዲ የተባለውን ጨረር ሰጪ ነገር ከእርሳስ ለይቶ እንዲያወጣ ታዘዘ። ብዙ ደከመ፤ አልሆነለትም። ለካስ ራዲየም ዲ ራሱ እርሳስ ኖሯል! ሌላው ሰው ተስፋ ቆርጦ በተወው ነበር፤ ሄቨሲ ግን የማይለይ ከሆነ እርሳሱ የሄደበትን ሁሉ ሊያሳይ እንደሚችል አሰበ።

በዚያው በማንቸስተር የቤት አከራዩ የተረፈ ምግብ መልሳ ታቀርባለች ብሎ ጠርጥሮ፣ በትርፍራፊው ላይ ጥቂት ጨረር ሰጪ ነገር ጨመረበት ይባላል። በኋላ የቀረበለትን ምግብ በመሣሪያ ቢመረምረው ጥርጣሬው እውነት ሆነ። (ይህን እንድንሞክር የሚፈቅድልን መምህር ያለ አይመስለንም።)

በ1923 በኮፐንሃገን ሳለ የባቄላ ተክል ሥር ጨረር ሰጪ እርሳስ ባለበት ውሃ ውስጥ አኖረ። ባቄላ ነው፤ በቀፊራ ገበያ የምናየው ያው ባቄላ! ሥሩንና ከሥሩ በላይ ያለውን ለየብቻ ቢለካ፣ አብዛኛው እርሳስ በሥሩ ቀርቶ ወደ ላይ የወጣው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። በሕያው ነገር ውስጥ የንጥረ ነገርን ጉዞ በዚህ መንገድ የተከታተለ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሁሉም እንደ እርሳስ አይደለም። ራዲየም ካልሲየምን ስለሚመስል ተክሉ ከምግቡ ጋር ይስበዋል፤ ምን ያህል እንደሚስብም የአፈሩ ዓይነት ይወስነዋል። በአመዱ ውስጥ አርሴኒክና ቦሮንም አሉ። ስለዚህ የአንዱ አገር ማሳ ውጤት ለሌላው አገር ማሳ መልስ አይሆንም፤ አመዱም አፈሩም ሰብሉም በየቦታው መለካት አለባቸው።

በ1940 ጀርመኖች ዴንማርክን ሲይዙ፣ ሄቨሲ የሁለት ሳይንቲስቶችን የኖቤል ወርቅ ሜዳይ እንዳይወሰድ በአሲድ አሟሟው። በ1943 እርሱም ወደ ስዊድን ሸሸ፤ የዚያው ዓመት የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትም የእርሱ ሆነ። በ1966 በጀርመን አገር በፍራይቡርግ በ80 ዓመቱ ዐረፈ። የሟሟው ወርቅ ግን ከጦርነቱ በኋላ ከአሲዱ ተለይቶ ወጥቶ፣ እንደገና ሜዳይ ሆኖ ለባለቤቶቹ ተመልሷል።