ፊት የምታለሰልሰው ጊታ ካሬል

ጊታ ካሬል እ.ኤ.አ. በ1899 ከሃንጋሪ አይሁዶች ተወልዳ በ1924 ጣሊያን ገባች፤ ስሟ የገነነው ግን እዚህ ሮም ነው። መኳንንቱ፣ ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ፣ ሙሶሊኒም ሳይቀር ካሜራዋ ፊት ተቀምጠዋል። መብራቱን ታለዝብና ፎቶውን ታነሳለች፤ ከዚያ ኔጋቲቩን እየፋቀችና እየነካካች የፊት መጨማደዱን፣ የዓይን ሥር ጥላውን ታጠፋለች። ሰውየው ስስ ጭጋግ የለበሰ መስሎ ይወጣል። ነርሲንግ ስለምማር መሰለኝ፣ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው የፋቀችውን ነው። ሥራዋ በጣም ያምራል። ግን በአገራችን ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበውን ሰው ፊት እንዲህ ማለስለሷ ያናድደኛል። ያው ሰው በ1938 በአይሁዶች ላይ የዘር ሕግ ሲያወጣ፣ ሕጉ ከሚመለከታቸው አንዷ እሷ ነበረች። ከጦርነቱ በኋላም ሮም ውስጥ የታዋቂ ሰዎችን ፊት ማንሳቷን ቀጠለች። በ1972 ሃይፋ፣ እስራኤል ውስጥ ሞተች።