የብርሃንን ሞገድነት በሙከራ ያረጋገጡት ሐኪም ቶማስ ያንግ

ብርሃን ሞገድ መሆኑን በሙከራ በማሳየት ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ተቀባይነት አግኝቶ የቆየውን ንድፈ ሐሳብ የተገዳደሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ያንግ የተወለዱት እ.ኤ.አ ጁን 13 ቀን 1773 በሶመርሴት ግዛት ሚልቨርተን በተባለች መንደር ነው።

ከአሥር ልጆች የመጀመሪያው የሆኑት ያንግ በሁለት ዓመት ዕድሜያቸው ማንበብ የጀመሩ ሲሆን፣ በለጋ ወጣትነታቸው ከግሪክና ከላቲን ሌላ ዕብራይስጥን፣ ዓረብኛንና ፋርስኛን አጥንተዋል፤ ከኢትዮጵያ ቋንቋም ጋር ተዋውቀዋል። በለንደን፣ በኤድንብራና በጎቲንገን ሕክምና ከተማሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1801 በለንደን የሮያል ኢንስቲትዩሽን ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ።

በዘመኑ የሰር አይዛክ ኒውተን ክብር ያጸናው አመለካከት ብርሃን ከምንጩ የሚወነጨፉ ደቃቅ ቅንጣቶች ስብስብ ነው የሚል ነበር። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ እ.ኤ.አ በ1690 ያሳተሙት የሞገድ ሐሳብ ብዙ ተከታይ አላገኘም ነበር።

ዶክተር ያንግ እ.ኤ.አ በኖቬምበር 1803 ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረቡት ጥናት፣ በመስኮት መዝጊያ ላይ በተበሳ ትንሽ ቀዳዳ የገባን የፀሐይ ጨረር ስፋቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የወረቀት ካርድ ጠርዝ ለሁለት ከፈሉት። በካርዷ ጥላ ውስጥም ብሩህና ጨለማ መስመሮች እየተፈራረቁ ታዩ። በአንዱ ጎን የሚያልፈው ብርሃን ሲጋረድ ግን በጥላው ውስጥ የነበሩት መስመሮች ጠፉ።

በኩሬ ላይ የሚገናኙ ሁለት ሞገዶች አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ካለ እንደሚጠፋፉ ሁሉ፣ ብርሃንም በብርሃን ላይ ተጨምሮ ጨለማ ሊፈጥር እንደሚችል ሙከራው አመለከተ። ይህንንም በቅንጣት ንድፈ ሐሳብ ለማስረዳት አዳጋች ነበር።

ይሁን እንጂ ኋላ የእንግሊዝ ከፍተኛ የፍትሕ ሹም የሆኑት ሄንሪ ብሩአም በኤድንብራ ሪቪው መጽሔት ብርቱ ነቀፌታ ሰነዘሩባቸው። ዶክተር ያንግ እ.ኤ.አ በ1804 መልስ ቢያሳትሙም የገዛው የለም ማለት ይቻል ነበር። በሕክምናቸው ላይ ያለውን እምነት እንዳይጎዳ በመስጋትም አንዳንድ ጽሑፎቻቸውን ያለ ስም ያወጡ ነበር።

ሁኔታው የተለወጠው በፈረንሳይ ነው። መንገድ መሐንዲሱ ኦገስቲን ፍሬኔል የሞገድን ሐሳብ በሒሳብ አስደግፈው ለሳይንስ አካዳሚው ውድድር አቀረቡ። ከዳኞቹ አንዱ ሲሜዮን ፖይሶን፣ ሐሳቡ እውነት ቢሆን በክብ ነገር ጥላ መካከል ብሩህ ነጥብ መታየት ነበረበት በማለት ስሕተቱን ለማሳየት ሞከሩ። ፍራንሷ አራጎ ሲፈትኑት ግን ነጥቡ በቦታው ተገኘ። ሽልማቱም እ.ኤ.አ በ1819 ለፍሬኔል ተሰጠ።

ዶክተር ያንግ በመንግሥት አገልግሎትም ሠርተዋል። የሚዛንና የመስፈሪያ ኮሚሽን ጸሐፊ በመሆን ያገለገሉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ ከ1818 ጀምሮ የባሕረኞችን የሥነ ፈለክ ዓመታዊ መጽሐፍ ዝግጅት በበላይነት መርተዋል። የጥንታዊ ግብፅን ጽሑፍ ለመፍታት በተደረገው ጥረትም ድርሻ ነበራቸው።

ዶክተር ያንግ በ55 ዓመታቸው እ.ኤ.አ ሜይ 10 ቀን 1829 በለንደን አረፉ። ከ21 ዓመታት በኋላ ሊዮን ፉኮ ብርሃን በውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚጓዝ በማሳየታቸው፣ ተቃራኒውን ይተነብይ የነበረው የኒውተን ንድፈ ሐሳብ ተሻረ።

አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ በ1905 ብርሃን የቅንጣት ባሕርይም እንዳለው ቢያመለክቱም፣ የያንግ ግኝት አልተሻረም፤ ሁለቱ ባሕርያት በአንድነት በዘመናዊው ፊዚክስ ውስጥ ቦታቸውን ይዘዋል።