በስምንት ቁራጭ እንጨት ያስተማረ ሰው፦ የፍሪድሪክ ፍሮበል ሕይወት
ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሕፃን ሥራ ለቁም ነገር አይውልም ለማለት የሚነገር ነው። ይሁን እንጂ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች የሚያድጉትን ሕፃናት ልብ ብለን ስንመለከት ይህን አባባል ደግመን ልንመረምረው እንገደዳለን። በፋሲል ግቢ አካባቢ ያሉ ሕፃናት በጭቃና በጠጠር የየራሳቸውን ግንብ ይሠራሉ። በዳባትና በደባርቅ ደጋዎች በግ የሚጠብቁ ትንንሽ እረኞችም ድንጋይ እየደረደሩ ቤትና በረት ያቆማሉ። እኛ አዋቂዎች ግን ይህን እንደ ሥራ ፈትነት ቆጥረን፣ ልብሳችሁን አቆሸሻችሁ ብለን እንቆጣቸዋለን። ከ170 ዓመታት በፊት ያረፈ አንድ ሰው በዚህ ጨዋታ ውስጥ ታላቅ ትምህርት እንዳለ አስተውሎ ዕድሜውን ለዚሁ ሰጠ። በዚህ እትማችን የዚህን ሰው ሕይወት ለውድ አንባቢያን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

ፍሪድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1782 በጀርመን አገር፣ በቱሪንጊያ ተራሮች መካከል በምትገኝ ኦበርቫይስባኽ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነበሩ። ሕፃኑ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው እናቱ አረፉ። አባቱ በብዙ ምእመናን አገልግሎት የተጠመዱ ስለነበሩ ልጃቸውን የሚያጫውቱበት ጊዜ አልነበራቸውም፤ እንጀራ እናቱም የራሳቸውን ልጅ ከወለዱ በኋላ ፊታቸውን መለሱበት። በዚህ ሁኔታ ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ ብቻውን፣ ከዛፍና ከአበባ ጋር እየተነጋገረ አደገ። 10 ዓመት ሲሞላው አጎቱ ወስደው አሳደጉት፤ ከልጅነቱ ዘመን ደስ ብሎት ያሳለፈውም ከእርሳቸው ጋር የነበረውን ጊዜ ነው። በኋላ ለሕፃናት የነበረው ርኅራኄ ከዚህ የብቸኝነት ዘመን የመነጨ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ወጣትነቱም የተቃና አልነበረም። በ15 ዓመቱ የደን ጠባቂነት ሙያ ሊማር ተላከ። ቀጥሎ የኔ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ዕዳውን መክፈል ስላቃተው ዘጠኝ ሳምንት በዩኒቨርሲቲው እስር ቤት ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1805 የሕንፃ ሥራ ጥበብ ለመማር አስቦ ወደ ፍራንክፈርት ሄደ። በዚያ ያገኙት አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ ግን ለመምህርነት የተፈጠረ መሆኑን ተመልክተው ሕፃናትን እንዲያስተምር አግባቡት። ቤት ለመገንባት የሄደው ወጣት በዚሁ ሰው ወደ መገንባት ተሸጋገረ።

ከ1808 እስከ 1810 በስዊዘርላንድ ከታላቁ መምህር ከፔስታሎዚ ዘንድ ተቀምጦ ተማረ። ከዚያም ወደ በርሊን ሄዶ ስለ ማዕድናት ጥናት በሚያደርግበት ጊዜ የክሪስታል ድንጋዮች ቅርጽ እጅግ ማረከው። በድንጋዩም፣ በዕፀዋቱም፣ በሰውም እድገት ውስጥ ከአንዱ ፈጣሪ የመነጨ አንድ ሥርዓት እንዳለ አመነ። በ1813 ናፖሊዮንን ለመውጋት በፈቃደኛነት ዘመተ። በዚያው ዓመት ወንድሙ ወታደሮችን ሲያስታምም በተስቦ በሽታ ስለሞተ፣ ፍሮበል አባት አልባ የሆኑትን የወንድሙን ልጆች ለማስተማር በ1816 ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተ። ትምህርት ቤቱም በተከታዩ ዓመት ወደ ካይልሃው ተዛወረ። በ1826 ስለ ሰው ልጅ አስተዳደግ ያለውን ሐሳብ በመጽሐፍ አሳተመ።

እየቆየ ግን አንድ ነገር ያሳስበው ጀመር። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ያሉት ዓመታት በከንቱ ያልፉ ነበር። በዚያ ዘመን ሕፃናትን የሚቀበሉ ቤቶች ቢኖሩም ዋና ተግባራቸው ልጁ እንዳይጎዳ መጠበቅ ነበር። ስለዚህ በ1837 በብላንከንቡርግ ለትንንሽ ሕፃናት የሚሆን ሥራ ጀመረ፤ በ1840ም የሕፃናት አትክልት ቦታ የሚል ትርጉም ያለውን ኪንደርጋርተን የተባለውን ስም አወጣለት። እኛ መዋዕለ ሕፃናት የምንለው ማለት ነው። ሕፃኑ እንደ ተክል ነው፤ አትክልተኛው ተክሉን ጎትቶ አያሳድገውም፤ ውሃና ፀሐይ እንዲያገኝ ያደርጋል እንጂ።

ለዚህ አትክልት ቦታ ያዘጋጃቸው መጫወቻዎች ስጦታዎች ይባላሉ። የመጀመሪያው ከክር የተሠሩ ስድስት ለስላሳ ኳሶች ናቸው። ሁለተኛው ከእንጨት የተሠሩ ሉል፣ ኩብና ሲሊንደር ናቸው። ሦስተኛው ስጦታ በሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ኩብ ሲሆን፣ ሲከፋፈል እያንዳንዳቸው ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚጠጉ ስምንት እኩል ኩቦች ይወጡታል። አራተኛው በስምንት ጡብ መሰል እንጨቶች ይከፈላል። አምስተኛውና ስድስተኛው ደግሞ ከ27 ክፍሎች ተነሥተው ከፊሎቹ ወደ ትንንሽ ክፍሎች የሚከፋፈሉ ናቸው።

የአጠቃቀሙ ሥርዓት ከእንጨቱ ይልቅ ያስደንቃል። ሳጥኑ በሕፃኑ ፊት ተገልብጦ ሲነሣ ሙሉው ኩብ ቆሞ ይታያል። ሕፃኑ ሁሉንም ቁራጭ ይጠቀማል፤ አንድም ትርፍ አያስቀርም። የሠራውን ወንበር ወደ አልጋ፣ አልጋውን ወደ ደረጃ ለመለወጥ ሲፈልግ አፍርሶ አይበትነውም፤ ቁራጮቹን እያንቀሳቀሰ ይለውጠዋል እንጂ። አንድ ጊዜ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ቁጥርንና ክፍልፋይን ይማርበታል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ውብ ቅርጽ ያወጣበታል። በመጨረሻም ሁሉን ሰብስቦ ወደ ሳጥኑ ይመልሳል። በዚህ ዓይነት ሕፃኑ ገና ፊደል ሳይቆጥር ሁለት ግማሾች አንድ ሙሉ እንደሚሆኑ በእጁ ይረዳል፤ መሠረቱ የጠበበ ግንብ እንደማይቆም ከመውደቁ ይማራል። ከጓደኛው ጋር ሲገነባም ተራ መጠበቅን፣ መነጋገርንና የወደቀውን ሳያለቅሱ እንደገና ማንሣትን ይለምዳል።

ፍሮበል ይህን ሥራ ወጣት ሴቶች እንዲይዙት ፈልጎ ለመምህርነት አሠለጠናቸው። ነገር ግን ሥራው ሲስፋፋ መከራው መጣ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1851 የፕሩሲያ መንግሥት መዋዕለ ሕፃናትን በሙሉ ከለከለ። ምክንያቱም ትምህርቱ ሶሻሊዝምን ያስፋፋል፣ ወጣቱንም እግዚአብሔርን ወደ መካድ ይመራል የሚል ነበር። እንዲያውም ባለሥልጣናቱ ፍሮበልን ስለዚሁ ጉዳይ ከጻፈው ከወንድሙ ልጅ ከካርል ጋር ማምታታታቸው ይነገራል። ፈጣሪን በፍጥረቱ ሁሉ ለማየት ሲጥር የኖረው ሽማግሌ ስሕተቱ እንዲታረም እስከ ንጉሡ ድረስ አቤት ቢልም ሰሚ አላገኘም። እገዳው እንደጸና፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1852 በ70 ዓመቱ በማሪየንታል አረፈ። በሽቫይና በሚገኘው መቃብሩ ላይ የቆመው ሐውልት የኩብ፣ የሲሊንደርና የሉል ቅርጽ አለው። እገዳው የተነሣው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1860 ነበር። ያሠለጠናቸው ሴቶችና ወዳጆቹ ግን ሥራውን ወደ ሌሎች አገሮች አድርሰውት ነበር። የአሜሪካው ዝነኛ አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት እናቱ በሰጡት የፍሮበል እንጨቶች መጫወቱ ለሙያው መሠረት እንደሆነው በእርጅናው ዘመን መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የሕፃናትን ቤት የከፈተችው ማሪያ ሞንቴሶሪም ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሚደርሱ ዐሥር የእንጨት ኩቦች ግንብ የሚሠራበትን መሣሪያ አዘጋጅታለች።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ባገራችን እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የተነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ብዙ ሕፃናትም ፊደል ሳይቆጥሩ ዓመታት አልፈዋቸዋል። የተዘጋውን በር እኛ በገዛ ኃይላችን ልንከፍተው አንችል ይሆናል። የፍሮበል ሕይወት ግን የትምህርት ቤት በር ቢዘጋም የሕፃኑ እጅና አእምሮ ሊዘጋ እንደማይገባው ያስተምረናል። ከአናጢ ደጃፍ ተርፎ የሚጣል የዋንዛ ወይም የሌላ ደረቅ እንጨት ቁራጭ እኩል እኩል ተቆርጦ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ቢለሰልስ ከውጭ ከሚመጣ መጫወቻ አያንስም። ለትንንሾቹ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ ገብቶ እንዳያንቃቸው ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ይሻላል። ቀለም መቀባትም አያስፈልገውም። እንጨት ከታጣም በእረኞቹ እጅ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን የወላጅ ጊዜ ነው። ፍሮበል በልጅነቱ ያጣው መጫወቻ ሳይሆን አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነበር። ስለዚህ ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ ልጃችን የሠራውን ግንብ አይተን፣ ይህ ምንድን ነው ብለን እንጠይቀው፤ መልሱንም በትዕግሥት እንስማ። ልጅ ያቦካው ለዛሬ እራት ባይበቃ እንኳ ለነገ ቤቱ መሠረት ይሆነዋልና።