አለቃ ገብረ ሐና

አለቃ ገብረ ሐና (1814 – 1898 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ ባለቅኔና የአቋቋም መምህር ነበሩ። ሰፊው ሕዝብ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ግን ስማቸው የሚነሣው በሌላ ምክንያት ነው፤ ዛሬ የተክሌ ዝማሜ ወይም የተክሌ አቋቋም የሚባለውን ስልት የፈጠሩት እርሳቸው ናቸው። ስልቱን በጎንደር ባቀረቡ ጊዜ ሊቃውንቱ አልተቀበሏቸውም። በኋላ በልጃቸው በተክሌ በኩል በደብረ ታቦር ሥር ሰደደ፤ ስሙንም ከልጃቸው አገኘ።

ልደትና ትምህርት

አለቃ ገብረ ሐና በቤጌምድር፣ በዛሬው የደቡብ ጎንደር ዞን ፎገራ ወረዳ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለ ቦታ በ1814 ዓ.ም. ተወለዱ። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በሐይቁ ዳርቻም ደንገል ይበቅላል። ይህ የትውልድ አገራቸው መልክ ኋላ ከሥራቸው ጋር ስለሚያያዝ እዚህ ላይ መጠቀሱ ያስፈልጋል።

በዚያ ዘመን እንደነበረው ልማድ ፊደል ከቆጠሩና ዳዊት ከደገሙ በኋላ ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃም ተሻገሩ። ከዚያም ወደ ጎንደር መጥተው በመጻሕፍት ትርጓሜ፣ በፍትሐ ነገሥትና በአቋቋም ተማሩ። ጎንደር ያን ጊዜ የነገሥታቱ ኃይል የደከመባት፣ ሥልጣኑ በየጁ መሳፍንት እጅ የገባባት ከተማ ነበረች። ዐፄ ፋሲለደስ ከመሠረቷት ሁለት መቶ ዓመት አልፏታል። ይሁን እንጂ የመንግሥቱ መዳከም ትምህርቱን አላዳከመውም። አርባ አራት ናቸው የሚባሉት አድባራት ደብተሮቻቸውንና ተማሪዎቻቸውን ይዘው ቆይተዋል፤ ከየአገሩም ተማሪ ይጎርፍ ነበር። ገብረ ሐና በዕውቀታቸው ገና በወጣትነታቸው ታወቁና የጎንደር በዓታ ለማርያም አለቃ ሆኑ። አለቃ የሚለው መጠሪያ የደብር አስተዳዳሪነት ማዕረግ ነው። በእርሳቸው ላይ ግን ከስማቸው ጋር ተጣብቆ ስለ ቀረ፣ ዛሬ ማዕረጉን ትቶ ስማቸውን ብቻ የሚጠራ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

በዓታ ተራ ደብር አልነበረም። በጎንደር አቋቋም ለመመስከር፣ ማለትም መምህር ለመሆን የሚያበቃ ማረጋገጫ ለማግኘት፣ ተማሪ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ስለዚህ ገብረ ሐና ኋላ አዲስ ስልት ይዘው ሲመጡ የሞገቱት እንግዳ ቤት ሳይሆን እርሳቸው ራሳቸው አለቃ የነበሩበትን ቤት ነው።

ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር

ደጃች ካሣ ኃይሉ በስሜን፣ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ገብረ ሐና የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ። አዲሱ ንጉሥ ለወታደሩ መሬት ይፈልግ ስለነበር በየደብሩ የሚያገለግሉት ካህናት በቁጥር እንዲወሰኑ፣ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሰጥ አሰበ። ይህ አሳብ በብዙ ካህናትና ደብተሮች የምትኖረውን ጎንደርን ከሁሉ ይበልጥ የሚነካ ነበር። በካህናቱና በንጉሡ መካከል የተጀመረው ቅሬታ እየሰፋ ሄዶ በ1859 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ከተማዪቱን ዘርፎ በእሳት እስከ ማቃጠል ደረሰ።

አለቃ ገብረ ሐና ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር እንዳልተስማሙ በአፍ ታሪክ ይነገራል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቀልዳቸው ነው ይባላል። ሆኖም ነገሩ ንጉሥ ቀልድ ስለማይወድ ብቻ የሆነ አይመስልም፤ የጎንደር ደብር አለቃ የነበረ ሰው በዚያ ዘመን ከቤተ መንግሥቱ ጋር የሚጣላበት በቂ ምክንያት ነበረው። በዚሁ የአፍ ታሪክ መሠረት ጎንደርን ለቀው ሄዱ፤ በኋላም በጣና ሐይቅ ላይ ባለችው የሬማ መድኃኔ ዓለም ደሴት ገዳም ተቀመጡ። ሬማ ዐፄ ሠርፀ ድንግል የተቀበሩባት ጥንታዊት ገዳም ናት።

ዝማሜ ምንድን ነው?

የአለቃን ሥራ ለመረዳት ስለ አቋቋም ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዜማ መሠረት የቅዱስ ያሬድ ድጓ ነው። ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም እንደ ነበረና በመጨረሻ ወደ ስሜን ተራሮች ወጥቶ በዚያ እንደ ተሰወረ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። በ16ኛው መቶ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ መምህራን ለዜማው ምልክት ሠሩለት፤ እነዚህ ጥቃቅን ፊደላት ከጽሑፉ በላይ እየተጻፉ ድምፁ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ ያሳያሉ።

ምልክቱ ግን የሚያሳየው ድምፁን ብቻ ነው። መቋሚያው ወዴት እንደሚዘነበል፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚመታ፣ እግር መቼ እንደሚነሣ አይነግርም። ይህን የሚያስተምረው አቋቋም የተባለው የትምህርት ክፍል ነው። መዘምራኑ በቀኝና በግራ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንድ ምስጋና መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ መሣሪያ ይባላል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ መቋሚያው ከዜማው ጋር እየተወዘወዘ ሰውነትም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጸናጽልና ከበሮ የሚገባበት መረግድ፣ በመጨረሻም ጭብጨባ ያለበትና የሚፈጥነው ጽፋት ይከተላል።

ይህ ሁሉ በቃል የሚጠና ነው። ተማሪው ከመምህሩ ፊት ቆሞ እጁና እግሩ እስኪለምዱት ድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። በአንድ ረድፍ የቆሙት ሁሉ አንድ ዓይነት ካልተንቀሳቀሱ ዝማሜው ይፈርሳል። አንድ ባለቅኔ አዲስ ቅኔ ቢቀኝ ብቻውን ቆሞ ሊያቀርበው ይችላል፤ አዲስ ዝማሜ ግን የተማረውን የሚተውና እንደገና የሚማር ረድፍ ሙሉ ሰው ይፈልጋል። አለቃ ገብረ ሐናን የገጠማቸው ችግር ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

አዲሱ ስልት

አለቃ በሬማ ሳሉ የሐይቁን ማዕበልና በዳርቻው ያለውን ደንገል ይመለከቱ እንደ ነበር ይተረካል። ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ይመጣል፤ ደንገሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ ማዕበሉ ሲመለስ ደንገሉም ይመለሳል። ከፎገራ ለተወለደ ሰው ይህ ከልጅነት የሚታወቅ ነገር ነው። አለቃ ይህን እንቅስቃሴ ወስደው በመቋሚያው ላይ አዋሉት። መቋሚያው ከወገን ወደ ወገን ይዘነበላል፤ የመዘምራኑም ሰውነት ይከተለዋል። የጎንደሩን ስልት የሚወዱ ሰዎች እርጋታውን ያደንቃሉ፤ በአዲሱ ስልት ግን ረድፉ በሙሉ እንደ ውኃ ሲሄድና ሲመለስ ይታያል። ይህ አገላለጽ ያማረ ቢመስልም በደብረ ታቦር መዘምራን ሲቀርብ ያየ ሰው የተጋነነ አይለውም።

አለቃ የያሬድን ዜማ ወይም የድጓውን ቃል አልለወጡም። አዲስ ያደረጉት የአካሄዱን መልክ ነው። ይህን ሲያደርጉ ጀማሪ አልነበሩም፤ ቅኔውን፣ ትርጓሜውንና የቀደመውን አቋቋም አጣርተው የያዙ፣ ተማሪ ያፈሩ መምህር ነበሩ።

የጎንደር ሊቃውንት ምላሽ

አለቃ ስልቱን ይዘው ወደ ጎንደር ሲመለሱ የበዓታ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። የጎንደር አቋቋም በውስጡ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት ወገኖች አሉት፤ ልዩነት የማያውቅ ከተማ አልነበረም ማለት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ከመምህር ወደ መምህር ሲወርዱ የመጡ ናቸው። የአለቃ ስልት ከአንድ ሰው የፈለቀ፣ ያውም ሰውዬው በሕይወት እያለ የቀረበ ነው። አዲስ የተባለ ነገር ሁሉ በጥርጣሬ በሚታይበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

የአለቃ ዝናም ሳይጎዳቸው አልቀረም ብሎ መገመት ይቻላል። በጎንደር ገብረ ሐና ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ነገረኛነታቸውን ነው። በቀልዳቸው የተነኩ ደብተሮችም ጥቂት እንዳልነበሩ ከሚተረኩት ታሪኮች ብዛት ይታያል። እንዲህ ያለ ሰው መቋሚያውን እንደ ደንገል እናወዛውዝ ብሎ ሲመጣ ቁም ነገሩን ከጨዋታው መለየት ለሰሚው ያስቸግር ነበር።

በሌላ በኩል የጎንደር ሊቃውንትን ግትር ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ቤታቸው የምስክር ቤት ነው፤ ከዚያ የወጣ መምህር በየአገሩ የሚያስተምረው ያንኑ የተማረውን ነው። በዚያ ላይ ከተማዪቱ በ1859 ዓ.ም. ተቃጥላ፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በድርቡሾች እንደገና ተወርራና አብያተ ክርስቲያኖቿ ነደው ያየች ናት። መጻሕፍቱና መምህራኑ ሲያልቁ የቀረውን እንዳለ መያዝ ለብዙዎቹ ዋናው ሥራ ነበር።

ተክሌና ደብረ ታቦር

አለቃ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌም በደብረ ታቦር ኢየሱስ ተከለው። ደብረ ታቦር ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ፣ በየጁ መሳፍንት ዘመን ያደገች፣ ዐፄ ቴዎድሮስም መናገሻ አድርገዋት የነበረች ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተ ልሔም አለች። ስለዚህ ዜማ የሚያውቁ ተማሪዎች በአካባቢው አይጠፉም ነበር። ለጎንደር አቋቋም ግን ደብረ ታቦር እንደ በዓታ ጠባቂ ቤት አልነበረችም፤ አዲሱ ስልት ቦታ ያገኘውም ምናልባት በዚህ ምክንያት ነው።

ተማሪዎቹ ስልቱን ያገኙት ከተክሌ ስለ ነበር የተክሌ ዝማሜ አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና። የፈጣሪው ስም በርዕሱ ውስጥ የለም። ዛሬ ስለ ተክሌ አቋቋም ከሚሰሙት ሰዎች ብዙዎቹ ስልቱን ከቀልደኛው ገብረ ሐና ጋር አያገናኙትም።

ቀልዳቸው

ስለ አለቃ የሚነገሩት ቀልዶች አብዛኞቹ በቅኔ ሙያ ላይ የቆሙ ናቸው። ቅኔ ተማሪውን በሰምና ወርቅ እንዲያስብ፣ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ የሚሰጥበትን ኅብር እንዲፈልግ ያለማምደዋል። አለቃ ያንን ልምድ ከቅኔ ማኅሌት አውጥተው ወደ ገበያና ወደ ግብር አዳራሽ ይዘውት ሄዱ። ከታወቁት አንዱ አህያ ለሚነዳ ሰው ሰላምታውን በብዙ ቁጥር ያቀረቡበት ነው፤ ሰውዬው እንደ አክብሮት ቢሰማውም አለቃ አህያውንም አብረው መቁጠራቸው ነበር። በሌሎች ታሪኮች ደግሞ አንዲት ሴት ወይም አንድ ልጅ መልሶ ይረታቸዋል፤ ሕዝቡ እነዚህንም በደስታ ይዟቸዋል።

በ20ኛው መቶ ዘመን የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች እየተሰበሰቡ በትንንሽ መጻሕፍት ታትመዋል። አንባቢ ግን ሊጠነቀቅ ይገባል። ባለቤት ያጣ ብልህ ንግግር ሁሉ ለእርሳቸው ይሰጣል፤ ከሞቱ በኋላ በመጡ ነገሮች ላይ የቀለዱ የሚመስሉባቸው ታሪኮችም አሉ።

በሸዋና የመጨረሻ ዘመናቸው

በዐፄ ምኒልክ ዘመን አለቃ ወደ ሸዋ ሄደው በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ኖሩ። ከዐፄ ምኒልክና ከእቴጌ ጣይቱ ጋር የተያያዙት ብዙ ቀልዶች ከዚህ ጊዜ የመጡ ናቸው። እቴጌይቱ ወገናቸው ከስሜንና ከቤጌምድር ስለ ሆነ የአለቃን የአነጋገር ዘይቤ ከሸዋ ሰው ይልቅ ቶሎ ሳይረዱት አይቀሩም። በታሪኮቹ ውስጥ የሚቆጡትም አብዛኛውን ጊዜ እርሳቸው ናቸው።

አለቃ ገብረ ሐና በስተርጅና ወደ አገራቸው ወደ ቤጌምድር ተመልሰው በ1898 ዓ.ም. ዐረፉ።

ስልቱ ዛሬ

የተክሌ አቋቋም ዛሬ ከጎንደር አቋቋም ጋር ጎን ለጎን ከሚታወቁት ስልቶች አንዱ ነው። ደብረ ታቦር ኢየሱስ የምስክር ቤቱ ሆኖ ቀጥሏል፤ ከዚያ የወጡ መምህራንም ወደ ሌሎች አህጉረ ስብከትና ወደ አዲስ አበባ አድባራት ወስደውታል። የጎንደር በዓታም የራሱን ስልት ይዞ ያስተምራል። አንዳንድ ተማሪዎች አንዱን ከጨረሱ በኋላ ወደ ሁለተኛው ቤት ሄደው ሌላውን ይቀጽላሉ፤ የሁለቱ ቤት ልጆች በአንድ ደብር ሲገናኙ ደግሞ በየትኛው እንደሚዘመም አስቀድመው ይስማማሉ።