ዳግማዊ ምኒልክና የስልክ ሽቦ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። ዘራቸው ከመንዙ ነጋሢ ይመዘዛልና የደጋውን ጠባይ ያውቁት ነበር። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ጎረቤታሞች ሲሆኑ እነአዳባይና ወንጭት በገደል ለያይተዋቸዋል፤ በዓይን የሚተያይ ሰው ለመገናኘት ቀኑን ሙሉ ሲወርድና ሲወጣ ይውላል።

አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ አፄ ቴዎድሮስ ሕፃኑን ምኒልክን ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው በሸዋ ነገሡ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። የአድዋን ገድል አንባቢ ያውቀዋልና እኛ ሽቦአቸውን እንከተላለን።

በዘመናቸው ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ ተዘረጋ። ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ኢጣልያኖች የአሥመራውን መሥመር ሠሩ፤ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብም ሌሎች ተከተሉ። ምሰሶውን ምስጥ ይበላው፣ ዝሆን ይገፋው፣ ሽቦውንም ሰው ለጌጥ ይቆርጠው ነበር። አንድ ሥፍራ ሲበጠስ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ዲዳ ይሆናል።

ቆይቶ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1957፣ ብሮድቤንትና ሃመርስሊ የተባሉ የብሪታንያ ሊቃውንት፣ ክሩ እዚህም እዚያም የተበጠሰ መረብ ከዳር እስከ ዳር የሚያሻግረው መቼ እንደ ሆነ በሂሳብ መመርመር ጀመሩ። ዓይኑ አራት ማዕዘን በሆነ እጅግ ሰፊ መረብ ላይ ከግማሽ ያነሰ ክር ከተረፈ የሚገኘው የተነጣጠለ ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ ከግማሽ ሲያልፍ ግን የሚያሻግር መንገድ በድንገት ይከፈታል። ይህን ኬስተን በ1980 አረጋገጠው።

ሆኖም መንገድ ተከፈተ ማለት ኤሌክትሪክ እንደ ልብ ይፈሳል ማለት አይደለም። በ1971 ላስትና ታውለስ የካርቦን ወረቀት እየበሱ ሲለኩ፣ በዚያ ወሰን አጠገብ የሚያልፈው ኃይል እጅግ ጥቂት ሆኖ አገኙት። ከተያያዘው ክር ብዙው መውጫ የሌለው ቅጥያ ስለ ሆነ ምንም አያሳልፍም፤ የሚሸከመው ጥቂቱና ጠማማው ጀርባ አጥንት ነው። በወሰኑ ላይ መረቡ በሰፋ ቁጥር የዚህ ጀርባ አጥንት ድርሻ ያንሳል።

የምኒልክ ሽቦዎች ባመዛኙ ከግቢ እንደ ጨረር የወጡ ነበሩ። መንግሥቱም እንደ ሽቦው ነበርና፣ በ1901 ዓ.ም. ሕመሙ ሲጸናባቸው በእሳቸው በኩል ያልፍ የነበረው ጉዳይ ሁሉ ታወከ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሽቦውን ስላስጀመሩ ምስጋናቸው አይጓደልም። ለእኛ የተረፈው ሥራ ግን አውራጃን ከመዲና ማገናኘት ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው እንዲያሻግር አውራጃን ከአውራጃ ማስተሳሰር ነው።